አንድ ጳጳስ ለአንድ ሀገር፦ የእስክንድርያ መንበርና የጥንት አህጉረ ስብከት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ብፁዓን አባቶች፣ የተከበራችሁ ካህናትና መምህራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለ መጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «የጥንት ጳጳሳትና አህጉረ ስብከታቸው» የሚል ነው። በዚህ ርእስ ከአንጾኪያ እስከ ሮም፣ ከኢየሩሳሌም እስከ ቅርጣግና መዞር ይቻል ነበር። እኔ ግን አብዛኛውን ሰዓት በአንዲት ከተማ፣ በእስክንድርያ ላይ አመሻለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ጉባኤ ላይ አንድ ወጣት ተነሥቶ «መምህር፣ ያን ያህል ሊቃውንት የነበሯት ሀገር እንዴት 1600 ዓመት ሙሉ ከራሷ ልጆች አንድ ሊቀ ጳጳስ መሾም አቃታት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሰዓቱ መሽቶ ስለ ነበር «በኒቅያ ጉባኤ ስም የተጻፈ የሐሰት ቀኖና ነበር፤ እርሱ አሰረን» ብዬ በአጭሩ መለስሁና ተቀመጥሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን መልሴ እንደ ጎደለ ገባኝ። ያ ቀኖና ሲጻፍ ልማዱ ብዙ መቶ ዓመት ያለፈው ነበር፤ ቀኖናው የነበረውን ልማድ አጥብቆ ሰፋው እንጂ እርሱ አልፈጠረውም። ታዲያ ልማዱን ማን ፈጠረው? ያ ወጣት ዛሬ እዚህ ካለ፣ የመጣሁት የጎደለውን ልሞላለት ነው።

ነገሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ፣ በጥንት ዘመን ጳጳስ ማለት ምን ማለት ነበር? ሁለተኛ፣ የእስክንድርያ መንበር ከሌሎቹ በምን ይለያል? ሦስተኛ፣ ይህ ልዩነት በእኛ ላይ ምን አመጣ? የማነሣቸው ዓመታት እስከ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን ድረስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን በራሳችን እቆጥራለሁ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። «ኤጲስ ቆጶስ» የግሪክ ቃል ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚጠብቅ፣ የሚጎበኝ ማለት ነው። ይህ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ያን ያህል የማይታወቀው የሀገረ ስብከቱ ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ጳጳሱ የሚጠብቀውን ማኅበር «ፓሮይኪያ» ይሉት ነበር፤ ትርጉሙም በሰው ሀገር በእንግድነት መቀመጥ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ «በእንግድነታችሁ ዘመን በፍርሃት ኑሩ» ሲል የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ልብ በሉ! ዛሬ ሀገረ ስብከት ሲባል ቢሮ፣ ማኅተም፣ ሥራ አስኪያጅና የሰነድ ክፍል ነው የሚታየን። እነርሱ ግን ሀገረ ስብከታቸውን የጠሩት በስደተኛ ስም ነው። ኋላ የሮም ቄሣር ዲዮቅልጥያኖስ ግዛቱን «ዲዮቄሲስ» በሚባሉ ሰፋፊ የአስተዳደር ክፍሎች ከፋፈለ፤ ቤተ ክርስቲያንም ከዘመናት በኋላ ይህንን የመንግሥት ቃል ወሰደች። እንግድነት የነበረው አስተዳደር ተባለ። የእኛ አባቶች «ሀገረ ስብከት» ማለታቸው ከሁለቱም ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ግን የእኔ አድልዎ ነው።

የጥንቱ ጳጳስ የአንዲት ከተማ ሰው ነበር። ቅዱስ አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳን አስቡት። የአንጾኪያው ጳጳስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በወታደሮች ታስሮ ለአራዊት ሊጣል ወደ ሮም ሲወሰድ፣ በመንገድ ላይ ሰባት መልእክታት ጻፈ። በእነዚህ መልእክታት ውስጥ የኤፌሶን ጳጳስ አናሲሞስን፣ የማግኒስያውን ዳማስን፣ የሰምርኔሱን ፖሊካርፐስን በስም ያነሣቸዋል። ካርታ አውጥታችሁ ብትለኩት እነዚህ ከተሞች በአንድ በሁለት ቀን የእግር መንገድ የሚገናኙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን የየራሳቸው ጳጳስ ነበራቸው። አግናጥዮስ ለሰምርኔስ ሰዎች ሲጽፍ ጳጳሱ ባለበት ሕዝቡ ይኑር፣ ያለ ጳጳሱ ፈቃድ ጥምቀትም የፍቅር ማዕድም አይደረግ ይላቸዋል። ይህ ትእዛዝ የሚሠራው ጳጳሱ በአጠገብ ሲኖር ነው። ጳጳሱ ሕፃናቱን በስም ያውቃቸዋል፤ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ታሰረ፣ የትኛዋ መበለት ዱቄት እንዳለቀባት ያውቃል።

በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእትም ይህንኑ ነው ያጸኑት። በ4ኛው ቀኖናቸው አንድ ኤጲስ ቆጶስ በአውራጃው ጳጳሳት ሁሉ፣ ቢያንስ ግን በሦስት ጳጳሳት እንዲሾም አዘዙ። ሦስት የምትለዋን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን። በ15ኛው ደግሞ ጳጳስ ከከተማ ወደ ከተማ እንዳይዛወር ከለከሉ። ጳጳስና ከተማው እንደ ባልና ሚስት ናቸው ማለት ነው። ሁሉም ሰምቷል ማለቴ አይደለም፤ የኒቆምዲያው አውሳብዮስ አስቀድሞ ከቤሩት ወደ ኒቆምዲያ ተዛውሮ ነበር፣ ከጉባኤው በኋላም ቀኖናው እያለ ወደ ቁስጥንጥንያ ተዛወረ። የተሻለ ወንበር ሲገኝ ቀኖና የሚረሳው ያኔም ነበር።

አሁን ወደ እስክንድርያ እንሂድ።

ትንሹ እስያ ውስጥ ጳጳስ እንደ ምንጭ በየመንደሩ ሲፈልቅ፣ በግብፅ ነገሩ ሌላ ነበር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ መልካውያን፣ ማለትም የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉት ወገኖች፣ ፓትርያርክ የነበረውና ታሪክ በዐረብኛ የጻፈው ሰዒድ ኢብን ባትሪቅ፣ እስከ ዲሜጥሮስ ዘመን ድረስ በመላው ግብፅ ከእስክንድርያው በቀር ሌላ ጳጳስ አልነበረም፤ ዲሜጥሮስ ሦስት ሾመ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የተሾመው ሄራክላስ ደግሞ ሃያ ሾመ ይላል። ጸሓፊው ከነገሩ በብዙ መቶ ዓመታት ይርቃልና ቁጥሩን አንድ በአንድ ማመን ላያስፈልግ ይችላል፤ አካሄዱ ግን ከሌላው ማስረጃ ጋር ይስማማል። ዲሜጥሮስ የምለው የእኛው ዲሜጥሮስ ነው፤ ባሕረ ሐሳብን የምንማርበት፣ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን ቀመር አገኘ የምንለው፣ ሊቀ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት የወይን አትክልት ይጠብቅ የነበረው አባት። በመንበሩ ከ189 እስከ 231 ገደማ ተቀምጧል። ሄራክላስን ደግሞ ከእርሱ በኋላ የመጣው ዲዮናስዮስ በደብዳቤው «ፓፓ» ብሎ ያነሣዋል፤ አባ ማለት ነው።

ዘራችሁን ስትዘሩ ከአንድ ጎታ ብታወጡት ማሳው ሁሉ የዚያ ጎታ ነው። የግብፅ ጳጳሳትም በሙሉ ከአንድ ሰው እጅ የወጡ ነበሩ። በሌላው የሮም ግዛት በጳጳሱና በታላቁ መንበር መካከል የአውራጃ ሊቀ ጳጳስ ይኖራል፤ ሹመቱም በእርሱ በኩል ያልፋል። በግብፅ ግን ይህ መካከለኛ ደረጃ አልነበረም። ከሜዲትራንያን ዳርቻ እስከ አስዋን ድረስ ያለው ጳጳስ ሁሉ የሚሾመው በእስክንድርያው አባት ነው። በ320 ገደማ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ እስክንድሮስ አርዮስን ለማውገዝ ጉባኤ ሲጠራ ወደ መቶ የሚጠጉ ጳጳሳት ተሰብስበው ነበር። መቶ ጳጳሳት፣ አንድ ሿሚ! የኒቅያ 6ኛ ቀኖናም ይህንን ጥንታዊ ልማድ በስሙ ጠርቶ አጸናው፤ በግብፅ፣ በሊቢያና በጰንጠጶሊስ ላይ የእስክንድርያው ጳጳስ ሥልጣን እንደ ቀድሞው ይሁን አለ።

ይህ አሠራር ኃይል ነበረው። በየዓመቱ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚያስታውቅ መልእክት ከእስክንድርያ ይወጣና ከአህጉረ ስብከቱ ሁሉ ይደርሳል፤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ በ367 በጻፈው 39ኛው የፋሲካ መልእክት ነው 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዛሬ እንደምናውቃቸው ቆጥሮ ያሰፈራቸው። አንድ ደብዳቤ ሀገሩን ሁሉ ያስተምራል። ነገር ግን አሠራሩ ፍርሃትም ነበረው። ሮማውያን ክርስቲያኖችን ባሳደዱበት በታላቁ ስደት ዘመን ተፍጻሜተ ሰማዕት የተባለው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጴጥሮስ ተሸሽጎ ሳለ፣ የአስዩጡ ጳጳስ ሜሌጥዮስ ጳጳሳቸው ወደ ታሰረባቸው አህጉረ ስብከት እየገባ ክህነት ሰጠ። እርሱ ምእመናን ያለ እረኛ እንዳይቀሩ አስቤ ነው ሳይል አልቀረም። ለእስክንድርያ ግን ይህ የመንበሩን ሥር መንቀል ነበር፤ የተነሣው መለያየትም ለብዙ ዓመታት አትናቴዎስን ራሱን ሲያስጨንቅ ኖረ። ከዚህ ቁስል በኋላ የማርቆስ መንበር «ከእኔ ሌላ ማንም አይሹም» የሚለውን ሕግ እንደ ዓይኑ ብሌን ቢጠብቅ ይገርማል?

አንድ የምወደውን ታሪክ እዚህ ላይ ላስገባ። በቅብጥ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የመነኮሳት ገድል አለ፤ የአባ አሮን ገድል ይባላል። በአስዋን አጠገብ፣ በአባይ ወንዝ ላይ ፊሌ የምትባል ደሴት ነበረች፤ የኢሲስ ጣዖት ቤት የነበረባት። መቄዶንዮስ የሚባል የመንግሥት ሹም በሥራው ወደዚያ ሲሄድ ጥቂቶቹ ክርስቲያኖች ካህን አጥተው ሲቸገሩ አየ። ወደ እስክንድርያም መጥቶ ለአትናቴዎስ ነገረው፤ ጳጳስ ይላክላቸው አለ። አትናቴዎስ ምን አደረገ? ነገሩን ያመጣውን ሰው፣ መቄዶንዮስን ራሱን፣ ጳጳስ አድርጎ ላከው።

ይህን የሰማችሁበት ሌላ ቦታ የለም? አለ እንጂ! የፍሬምናጦስ ታሪክ ነው። የጢሮሱ ሜሮጵዮስ ይዟቸው የመጣው ሁለት ልጆች፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፣ መርከባቸው በቀይ ባሕር ዳርቻ ተይዛ ሰዎቹ ሲገደሉ እነርሱ ተርፈው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገቡ፤ አደጉ፣ ተሾሙ፣ ወጣቱን ንጉሥ አሳደጉ። ይህን የጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊው ሩፊኖስ ነው፤ ታሪኩንም ወደ ሀገሩ ተመልሶ በጢሮስ ቅስና ከተቀበለው ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሰማው ይናገራል። ኤዴስዮስ ወደ ወላጆቹ ሲሄድ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄደ፤ አትናቴዎስንም «በዚያ ሀገር የተሰበሰቡ ክርስቲያኖች አሉ፤ የሚገባ ሰው ፈልገህ ጳጳስ ላክላቸው» አለው። አትናቴዎስም ከአንተ የተሻለ ማን ይገኛል ብሎ እርሱን ራሱን ሾሞ መለሰው። ከሣቴ ብርሃን ሰላማ፣ ሐምሌ 26 የምናከብረው አባታችን፣ በዚህ መንገድ ነው የመጣልን።

እኔ ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመት ሳስተምር አንድ የተለየ፣ ለእኛ ብቻ የተደረገ ነገር አድርጌ ነበር የማስተምረው። የፊሌውን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ለአትናቴዎስ ፊሌና አክሱም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሁለቱም በአባይ ተፋሰስ ወደ ደቡብ ሲወጣ የሚገኙ፣ እረኛ የሌላቸው መንጎች ናቸው። አንዷ ደሴት ናት፤ ሌላዪቱ ባሕር ተሻግራ የምትገዛ፣ የራሷን የወርቅ ገንዘብ የምታትም መንግሥት ናት። ሁለቱም ግን በመዝገቡ ላይ አንድ አንድ ሀገረ ስብከት፣ አንድ አንድ ጳጳስ ሆነው ተጻፉ። ያ ወጣት ለጠየቀኝ ጥያቄ ሥሩ እዚህ ነው። በግብፅ ሥርዐት ጳጳስ ሌላ ጳጳስ አይሾምም፤ ሿሚው የእስክንድርያው አባት ብቻ ነው። ይህ ሕግ ለአንዲት ደሴት አይከብዳትም። ለኢትዮጵያ ግን ከበዳት።

ሢመቱ ከማን እጅ ወጣ የሚለው ጥያቄ ገና በፍሬምናጦስ ዕድሜ ፈተና መጣበት። አትናቴዎስ በ45 ዓመት ሢመቱ አምስት ጊዜ ተሰዷል። በ356 ሦስተኛው ስደት ወደ በረሃ ሲያስገባው፣ የአርዮሳውያን ወገን የሆነው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጥዮስ በመንበሩ ላይ የቀጰዶቅያውን ጊዮርጊስን አስቀመጠ፤ ከሰማዕቱ ጋር እንዳታምታቱት። ወዲያውም ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ ነውና ወደ እስክንድርያ ላኩት፤ ጊዮርጊስ ይመርምረው፤ አለዚያ ሕዝቡን ያጠፋባችኋል የሚል ነው ይዘቱ። ደብዳቤውን ያቆየልን አትናቴዎስ ራሱ ነው፤ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ቃል በቃል አስገብቶታል። ፍሬምናጦስ ስለ መላኩ የሚናገር ምንም ማስረጃ የለም። ሃይማኖታችንም የአትናቴዎስ እንደ ሆነ ቀረ። እንግዲህ አስተውሉ፤ የዚያን ጊዜ ከእስክንድርያ ጋር መታሰር እውነተኛዋን ሃይማኖት መጠበቂያ ነበር። ሰንሰለቱ መጀመሪያ መልሕቅ ነበረ።

ወደ ሦስተኛው ደረስሁ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 4 ላይ ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል በራሳቸው ፈቃድ ፓትርያርክ አይሹሙ፤ ሊቀ ጳጳሳቸው ከእስክንድርያ መንበር በታች ነውና የሚል ቃል አለ። ቃሉ የተጠቀሰው የኒቅያ ነው ተብሎ ነው። የኒቅያ አባቶች የደነገጉት ግን 20 ቀኖናዎችን ነው፤ ከሃያዎቹ አንዱ እንኳ ኢትዮጵያን አያነሣም። ከዘመናት በኋላ በዐረብኛ ተሰብስበው በኒቅያ ስም የተጻፉ ከሰማንያ የሚበልጡ ቀኖናዎች አሉ፤ ይህ ቃል ከእነርሱ የተወሰደ ነው። አባቶቻችን አላወቁም ነበር ወይ? ቢያንስ ሸክሙን ያውቁት ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በፓትርያርክ ገብርኤል ኢብን ቱራይክ ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ ተጨማሪ ጳጳሳት እንዲሾሙለት ጠየቀ። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ እንደሚለው የግብፁ ኸሊፋ መጀመሪያ ጥያቄውን ደግፎ ነበር። ፓትርያርኩ ግን የጳጳሳቱ ቁጥር ዐሥር ከደረሰ የራሳቸውን ሊቀ ጳጳሳት ይሾማሉ፤ ከዚያ በኋላ ከእኛም ከአንተም ጋር የሚያገናኛቸው አይኖርም ብሎ ሲያስረዳው ኸሊፋው ሐሳቡን ለወጠ። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ ቁጥር የት ሄደች? ኒቅያ ሦስት ጳጳሳት ይበቃሉ ብላ ነበር፤ ለእኛ ሲሆን ዐሥር ሆነ፤ ዐሥር እንዳይሞላ ደግሞ አንድ ብቻ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱን ሁሉ ወደ ካይሮ መወርወር አልወድም። ፓትርያርኮቹ ሥልጣናቸውን ጠበቁ፤ ሡልጣኖቹም የጳጳሱን ጉዞ እንደ ልጓም ያዙት። ለእኛ ነገሥታትስ ዘመድ የሌለው፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ ርስት የሌለው ጳጳስ አልተመቻቸውም ነበር? ንጉሡን ቀብቶ የሚያነግሥ ሰው በአንድ ታላቅ ቤተ ሰብ ውስጥ ቢወለድ ኖሮ ስንቱ ዘውድ ይናወጥ ነበር! ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የሚቃወመኝ ቢኖር ከጉባኤው በኋላ በደስታ እሰማዋለሁ።

የሸክሙን ክብደት ግን በመጽሐፍ ብቻ አላውቀውም። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ በጎጃም የተወለዱ የቅኔ ሰው ነበሩ። በልጅነቴ ማታ ማታ እሳት ዳር ሲተርኩልኝ ዲያቆን የሆኑበትን መንገድ ሳይነግሩኝ አያልፉም። በ1907 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ዕድሜያቸው ዐሥራ ሁለት ቢሆን ነው። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆነው በሶና ቆሎ በስልቻ አዝለው፣ አንድ መሪጌታ እየመሩአቸው፣ ግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ወዳሉበት ወደ አዲስ አበባ በእግራቸው ወጡ። ዐባይ በረሃ ላይ አንዱ ልጅ በወባ ታመመና በአንዲት ሴት ወይዘሮ ቤት ትተውት አለፉ። አዲስ አበባ ደርሰው ተራ እስኪደርሳቸው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ሳምንታት ቆዩ። ዳዊት አንብበው ተፈተኑ። ጳጳሱን ያዩበት ጊዜ ግን አቡን ዘሰማያት ለመድገም እንኳ የሚበቃ አልነበረም። አያቴ «እጃቸው ራሴ ላይ ዐረፈ፤ አንድ ቃል በማላውቀው ቋንቋ ሰማሁ፤ ቀና ስል ሌላ ልጅ በቦታዬ ቆሞ ነበር» ይሉ ነበር። እስቲ ይህን ከአግናጥዮስ ጋር አነጻጽሩት! ጳጳሱ ባለበት ሕዝቡ ይኑር ብሎ ነበር፤ የእኛ ሕዝብ ጳጳሱ ወዳለበት በእግሩ ሲጓዝ ኖረ።

የአያቴ ታሪክ ከእርሳቸው በፊት አራት መቶ ዓመት የኖሩት ልጆችም ታሪክ ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አቡነ ማርቆስ ክህነት ሲሰጡ ቆሞ አይቷል። በአንድ ቀን ከ2000 የሚበልጡ ሰዎች ቅስና ተቀበሉ ይላል። በዲቁናው ቀን ደግሞ ገና በክንድ የሚታቀፉ ሕፃናት እያለቀሱ ይቀርቡ ነበር። ይህ ነገር ስላልገባው ጠየቀ። የተመለሰለትም ሊቀ ጳጳሱ እጅግ አርጅተዋል፣ ሌላ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም የሚል ነበር፤ ከዚያ በፊት ሀገሪቱ 23 ዓመት ያለ ጳጳስ ኖራ እንደ ነበርም ሰማ። አንዳንድ የውጭ ጸሓፊ ይህን እያነሣ ይሣለቅብናል። እኔ የማየው ግን የተጨነቁ እናቶችን ነው፤ የታቦቱ ደጅ እንዳይዘጋ ጡት ያልጣለ ልጃቸውን አቅፈው የሚሰለፉ እናቶችን።

ስለዚህ አንድ ጳጳስ ብቻ መኖሩ ጎዳን ብዬ ንግግሬን ብጨርስ ይቀለኝ ነበር። የሚያስቸግረኝ ግን ጎረቤታችን ኖብያ፣ በዛሬዋ ሰሜን ሱዳንና ደቡብ ግብፅ የነበረችው የክርስቲያን ሀገር ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ስብሰባ ወደ ፖላንድ ሄጄ በዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ የፋራስን የግድግዳ ሥዕሎች አየሁ። ፋራስ ዛሬ በአስዋን ግድብ ውኃ ሥር ያለች የሱዳን ጥንታዊ ከተማ ናት፤ ፖላንዳውያን ውኃው ሳይደርስባት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1961 እስከ 1964 ቆፍረው በአሸዋ የተዋጠ ካቴድራል አገኙ። አንዱ ሥዕል ጴጥሮስ የሚባለውን የፋራስ ጳጳስ ያሳያል። ፊቱ ጠቆር ያለ የሀገሩ ሰው ነው፤ ከኋላው ሐዋርያው ጴጥሮስ እጆቹን በትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። ብዙ ቆሜ አየሁት። ከ10ኛው ክፍለ ዘመን! እኛ አንድ ሀገር በቀል ጳጳስ ለማየት ገና ወደ አንድ ሺህ ዓመት ሲቀረን፣ ኖብያ በዚያው በእስክንድርያ መንበር ሥር ሆና የራሷ ልጅ በጵጵስና ተሾሞ ነበር። በዚያው ካቴድራል ግድግዳ ላይ የጳጳሳቱ ስም ካገለገሉበት ዓመት ጋር በተራ ተጽፎ ተገኝቷል። ፋራስ የራሷ ጳጳስ ነበራት፤ ቃስር ኢብሪምም ነበራት፤ ዶንጎላም እንዲሁ። ሀገረ ስብከት በየከተማው፣ እንደ አግናጥዮስ ዘመን።

ታዲያ ኖብያ ዛሬ የት አለች? በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በቃስር ኢብሪም የአንድ ጳጳስ መቃብር ተገኘ፤ ጢሞቴዎስ ይባላል። በ1372 ፓትርያርክ ገብርኤል አራተኛ የኢብሪምና የፋራስ ጳጳስ አድርጎ የሾመው መሆኑን የሚመሰክሩ ሁለት ረጃጅም ጥቅሎች፣ አንዱ በቅብጥ ሌላው በዐረብኛ ተጽፈው፣ ከአስከሬኑ ጋር ተቀብረው ነበር። ሁለቱ አህጉረ ስብከት በአንድ ሰው እጅ መግባታቸውን አያችሁ? መንጋው እያነሰ ነበር ማለት ነው። የሹመት ደብዳቤውን ለሚቀጥለው ሳያስተላልፍ ይዞት ተቀበረ።

አልቫሬዝ በልብነ ድንግል አደባባይ ሳለ ስድስት ሰዎች ከኖብያ መጡ። ክርስቲያኖች ነን፤ አስተማሪዎች አልቀውብናል፤ ካህናትና መነኮሳት ስጠን ብለው ለመኑት። ንጉሡም እኔ ራሴ ጳጳሴን የማገኘው በእስላሞች ሀገር ካለው ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ነው፤ ሌላ የሚሰጠኝን እኔ እንዴት ልሰጣችሁ እችላለሁ ብሎ መለሳቸው። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እዚህ ላይ ያ የመጀመሪያው ሰንሰለት ሁለተኛ ሀገር አሰረ። ብዙ ጳጳሳት የነበሯት ኖብያ ጠፋች፤ አንድ ብቻ የነበራት ኢትዮጵያ ቀረች። እንዴት ሆኖ? እኔ እንደሚመስለኝ የኖብያ ሀገረ ስብከት ከከተማና ከንጉሥ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ከተማው ሲፈርስ ንጉሡም ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ጳጳስ ስላጣች በገዳሙ፣ በእጨጌው፣ በቅኔ ቤቱና በቆሎ ተማሪው ትከሻ ላይ መቆም ግድ ሆነባት። ሐሳቤ ትክክል ከሆነ ጉድለታችን ሳናስበው ሌላ ምሰሶ አቁሞልናል ማለት ነው። ይህ ግን የጉድለቱን ዋጋ አያሳንሰውም፤ ዐባይ በረሃ ላይ በወባ የቀረው ልጅም የዚያው ዋጋ ክፍል ነው።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነውና። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 በአንድ ጊዜ አራት ጳጳሳት አስመጡ፤ አራቱም ግን ግብፃውያን ነበሩ። በ1921 ዓ.ም. አብርሃም፣ ጴጥሮስ፣ ሚካኤልና ይስሐቅ በካይሮ ተሾሙ፤ በማግሥቱ ዓመት እጨጌ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሳዊሮስ ተብለው ተጨመሩ። እነርሱም ቢሆኑ ሌላ ጳጳስ እንዳይሾሙ ታግደው ነበር። ዲሜጥሮስ ያቆመው ሕግ ከአሥራ ሰባት መቶ ዓመት በኋላም በሥራ ላይ ነበረ! ከአምስቱ ጴጥሮስና ሚካኤል ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው በፋሺስት ጥይት ሰማዕት ሆኑ። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው በካይሮ ተሾሙ፤ ጳጳሳትን የመሾም ሥልጣንም አብሮ መጣ። በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ተባሉ።

የ1943ቱ ዜና ጎጃም ሲደርስ አያቴ የነበሩበትን ሁኔታ እናቴ ታስታውስ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ደወል ይደወላል፤ እልል ይባላል። ከከተማ የመጣው ሰው ነገሩን ዘርዝሮ ሲያስረዳ፣ ከእንግዲህ ጳጳሳት በየጠቅላይ ግዛቱ ይሾማሉ ሲል፣ አያቴ በትራቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት አለች።

«እንግዲህ ለልጆቹ ስንት ቀን መንገድ ነው?»

ስለ ሰማችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።